የወንድሜን ዕዳ ሦስት ጊዜ ከፈልን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

በቅርቡ በጋዜጣችሁ ላይ በእግር ኳስ ውርርድ በአንድ ቀን የብዙ ዓመት ደመወዙን ያህል ገንዘብ ስላገኘ አንድ ወጣት ያወጣችሁትን ዜና አነበብኩ። ወጣቱን አላውቀውም፤ በደስታውም አልቀናም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ከዜናው ውስጥ የጎደለው ነገር ነው። ወጣቱ ያን ቀን ከማሸነፉ በፊት ስንት ጊዜ እንደተበላ፣ ያገኘው ገንዘብ እጁ ላይ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ በዚያው ዕለት ስንት ሰው ባዶ ኪሱን ወደ ቤቱ እንደተመለሰ የጠየቀ የለም። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ገቢው ተጽፎ ወጪው የተዘለለበት መዝገብ ሲቀርብልኝ አልፈርምም። በዚህ ጉዳይ የወጪውን ዓምድ መሙላት የምችለው ግን ከሙያዬ ይልቅ በቤታችን ከደረሰው ተነሥቼ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ቁማር የጀመረው፣ እንደ ብዙዎቹ፣ በማሸነፍ ነው። ጓደኞቹን ተከትሎ በቆረጣት በሁለተኛዋ ወይም በሦስተኛዋ ቲኬት ያገኘው ገንዘብ ከወር ገቢው ይበልጥ ነበር፤ ለእናታችን መድኃኒት፣ ለልጁ ጫማ ገዛበት፣ የቀረውን ይዞ ወደ ውርርዱ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በአንድ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ውስጥ፣ ለቁማር ሕሙማን የመጀመሪያውን የተኝቶ ሕክምና የጀመሩት የአእምሮ ሐኪሙ ሮበርት ከስተር የበሽተኞቻቸውን ጉዞ በሦስት ምዕራፍ ይከፍሉት ነበር፤ የማሸነፍ፣ የመበላት፣ በመጨረሻም የተስፋ መቁረጥ ምዕራፍ። ይህን ያነበብኩት ሁሉ ነገር ከደረሰብን በኋላ ነው። ቀድሜ አንብቤው ቢሆን ኖሮ ያን የመጀመሪያ ድል ከሌሎቹ ጋር ሆኜ አላጨበጭብለትም ነበር።

የወንድሜ ባለቤት ወደ እኔ የመጣችው ከዚያ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይታ ነው። የቤት ኪራይ ለሦስት ወር አልተከፈለም፣ የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ተቋርጧል፣ ደመወዙም በገባ በማግስቱ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ወንድሜን ስጠይቀው አልካደም። አለቀሰ፤ በእናታችን ስም ማለ፤ ዕዳው ብቻ ቢነሣለት ዳግመኛ በዚያ በኩል እንደማያልፍ ነገረኝ። አመንኩት። ቤተሰብ ተሰብስበን ያለንን አዋጣንና ዕዳውን በሙሉ ከፈልንለት፤ ነገሩም ከቤት እንዳይወጣ ተስማማን። ያን ምሽት ተኝቼ ያደርኩትን እንቅልፍ አስታውሰዋለሁ። እንዳዳንነው ነበር የማምነው።

ስምንት ወር ሳይሞላ ሁለተኛው ዕዳ መጣ፤ ከመጀመሪያው በእጥፍ ይበልጥ ነበር። እሱንም ከፈልን። ሦስተኛው ይባስ ብሎ ከሥራ ባልደረቦቹ አሰባስቦ በእጁ የያዘው መዋጮ ነበርና፣ ክስ ሳይመሠረትበት እንዲተካ እናታችን ለእርጅናቸው ያስቀመጡትን አውጥተው ሰጡት። በሦስቱም ጊዜ ገንዘቡን ያስረከብነው በእጁ ነው። አበዳሪዎቹ እነማን እንደሆኑ አልጠየቅንም፤ መክፈሉን የሚያሳይ ወረቀትም አላየንም። መሥሪያ ቤት ለአንዲት እስክሪብቶ ደረሰኝ የምጠይቅ ሰው ለገዛ ወንድሜ ሲሆን መጠየቁን እንደ ነውር ቆጠርኩት።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችሁ ልነግራቸው የምፈልገው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ዕዳውን በመክፈላችን ቁማሩን አራዘምነው። በቁማር የተያዘ ሰው ዕዳ በገባ ቁጥር ቤተሰቡ በድብቅ ከፍሎ የሚያወጣው ከሆነ፣ ቁማሩ የሚያስከትለው መዘዝ ወደ እሱ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል፤ አበዳሪም ያው ሰው መልሶ እንደሚከፍል ስላየ ለሚቀጥለው ብድር እጁን አይሰበስብም። ወንድሜ በኋላ እንደነገረኝ፣ ሁለተኛው ክፍያችን በሙሉ አበዳሪዎቹ ዘንድ አልደረሰም። ግማሹን አባዝቶ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊዘጋበት አስቦ ተወራረደበት። እያታለለን አልነበረም፤ በዚያ ሰዓት እንደሚሳካለት ከልቡ ያምን ነበር፤ ነገሩን አስፈሪ የሚያደርገውም ይኸው እምነቱ ነው።

ስለ ሒሳቡም ልናገር፤ ይህን እንኳ ሳልናገር ብቀር ሙያዬን እንደ መካድ ይሆንብኛል። ኦድ የሚባለው፣ ተወራራጁ ቢያሸንፍ ያስያዘው ገንዘብ በስንት እንደሚባዛ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ሁለት እኩል ዕድል ላላቸው ውጤቶች አወራራጁ ድርጅት 2.00 ኦድ ቢሰጥ ምንም አያተርፍም ነበር። የሚሰጠው ለምሳሌ 1.90 ነው፤ ይህም ማለት ተወራራጆች ከሚያስይዙት ገንዘብ በአማካይ ከመቶ 5 እጁ እዚያው ይቀራል። ትንሽ ትመስላለች። ወንድሜ ግን በነጠላ ጨዋታ አይወራረድም ነበር፤ አሥር ጨዋታ በአንድ ቲኬት ያሰልፍና ኦዶቹ ተባዝተው ያስያዛት ገንዘብ 613 እጥፍ ሆና ትታየዋለች። እኩል ዕድል ያላቸው አሥር ውጤቶች ሁሉም የሚሳኩበት ዕድል ግን ከ1,024 አንድ ነው። 613ን ለ1,024 ስናካፍለው 0.6 ገደማ ይመጣል፤ ስለዚህ እንዲህ ባለው ቲኬት ላይ ከሚያርፈው ገንዘብ በአማካይ ከመቶ 40 የሚሆነው፣ ገና ኳሱ ሳይንከባለል፣ የድርጅቱ ነው። ያቺ አምስት በመቶ በየጨዋታው እየተደራረበች አርባ ደረሰች። ቀይና ጥቁር ክፍሎች ባሉት መንኮራኩር ላይ ኳስ በሚንከባለልበት በሩሌት ጨዋታም ስልቱ ያው ነው፤ መንኮራኩሩ 37 ክፍል እያለው አንድ ቁጥር የመታ ሰው የሚከፈለው 35 ለ1፣ ያስያዘውን ጨምሮ 36 ነው፤ ልዩነቱ የአጫዋቹ ቤት ድርሻ ነው። ከ49 ቁጥሮች ስድስቱን መምረጥ በሚጠይቅ ሎተሪ ደግሞ ዋናውን ዕጣ የማግኘት ዕድል ከ13,983,816 አንድ ነው። ዕድለኛ ሰው የለም አልልም፤ አለ። ሆኖም የእሱ ድል የሚከፈለው ከሌሎቹ ተወራራጆች ኪስ ነው፤ ቤቱ ድርሻውን የሚያነሣውም ቀድሞ ነው።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ በወረቀት ላይ ሠርቼ አሳየሁት። ሒሳብ የማይገባው ሰው አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ተከታትሎኝ "አውቃለሁ" አለኝ። በዚያው ሳምንት ተወራረደ። ሲመለስ የነገረኝን ቃል አልረሳውም፦ "እትዬ፣ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው ያበላሸብኝ።" ይህን አባባል ከተወራራጆች አፍ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። እስቲ እሱንም እንቁጠረው። ከአሥሩ ጨዋታ ዘጠኙ ተሳክተው አንዱ የሚበላሽበት ዕድል ከ1,024 አሥር ነው፤ አሥሩም ከሚሳኩበት በአሥር እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ ተወራራጁ አንድ ጊዜ እስኪያሸንፍ ድረስ አሥር ጊዜ ያህል "ለጥቂት አመለጠኝ" እያለ ይመለሳል ማለት ነው። የሚከፈለው ግን አሥሩንም ከሳተው ሰው እኩል፣ ባዶ ነው። ለጥቂት ማምለጡ ለኪሱ ሽንፈት ሆኖ ሳለ ለልቡ የተስፋ ምልክት ይሆንበታል፤ ወንድሜን ከድሉ ይበልጥ ያሰረው ይህ ይመስለኛል።

ሌላው እስራት የተበሉትን የማስመለስ ፍላጎት ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1913 በሞናኮ በሚገኘው የሞንቴ ካርሎ ካሲኖ የሩሌቷ ኳስ በተከታታይ 26 ጊዜ በጥቁር ላይ አረፈች። ጥቁሩ በተደጋገመ ቁጥር በዙሪያው የነበሩት ሰዎች "አሁንስ ቀዩ ተራው ደርሷል" እያሉ በቀዩ ላይ ገንዘባቸውን አበዙ፤ ቤቱም በዚያ ምሽት እጅግ ብዙ ሰበሰበ። ኳሷ ያለፈውን አታስታውስም፤ በ27ኛውም ዙር የቀዩ ዕድል በመጀመሪያው ዙር ከነበረው አይጨምርም። ወንድሜም ለወራት የኖረው እንዲህ ነው። ይህን ያህል ከተበላ በኋላ ማሸነፍ የሚገባው ይመስለው ነበር፤ ማቆም ደግሞ የተበላውን ሁሉ ለዘለዓለም ለቆ እንደ መሄድ ሆኖ ይታየው ነበር። ከድጡ ወደ ማጡ የሚወስደው መንገድ ከውስጡ ላለ ሰው የመውጫ መንገድ ይመስላል።

ዘመዶቻችን የጸባይ ጉድለት ነው አሉ፤ እኔም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ አስብ ነበር። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህን ሕመም በይፋ መዝገቡ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን፣ በ2013 ደግሞ ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱሶች ጋር በአንድ ምድብ አስቀምጦታል። የዓለም ጤና ድርጅትም በበሽታዎች ምደባው ውስጥ አካቶታል። እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ግን ፓርኪንሰን በተባለው የአንጎል ሕመም ስለተያዙ ሰዎች ያነበብኩት ነው። ለእንቅስቃሴ ችግራቸው በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ሥራ የሚተካ መድኃኒት ከሚሰጣቸው ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ፣ ዕድሜ ልካቸውን ቁማር የማያውቁ ሆነው ሳለ፣ በድንገት ቁማርተኞች ይሆናሉ፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሲቀንስላቸው ወይም ሲለውጥላቸው ብዙዎቹ ይተዉታል። እንዲህ ያለውን ነገር ስንፍና ወይም ስግብግብነት ብቻ ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ሐኪሞቹ ሕመሙን ለመለየት ዘጠኝ ምልክቶችን ይመለከታሉ፤ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ አራቱ የታዩበት ሰው ሕመምተኛ ነው ይላሉ። የተበሉትን ለማስመለስ በማግስቱ መመለስ፣ መዋሸት፣ ለማቆም ሞክሮ አለመቻል ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከዝርዝሩ ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ግን ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሣሁ። ምልክቱ፣ በቁማር ከመጣ የገንዘብ ጭንቅ ለመውጣት በሌሎች ሰዎች ገንዘብ ላይ መደገፍ ነበር። የእኛ የፍቅር ሥራ፣ ሦስት ጊዜ የፈጸምነው፣ እዚያ እንደ አንድ የበሽታ ምልክት ተጽፎ አገኘሁት።

ገንዘብ ከአንድ ቤት የሚወጣበት ቅደም ተከተል አለው፤ ሌሎች ቀድመው እንዲያዩት ልጻፈው። መጀመሪያ የሚሄደው ማንም የማይቆጥረው ነው፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ጉርሻ፣ የኪስ ገንዘብ። ቀጥሎ ቁጠባው ይነካል፤ "ለጊዜው ነው፣ እተካዋለሁ" እየተባለ። ከዚያ የደመወዝ ቅድሚያ ይጠየቃል፤ በዚህ ጊዜ የሚቀጥለው ወር ከመጀመሩ በፊት ተበልቷል። ከወዳጅ የሚወሰደው አነስተኛ ብድር ይከተላል፤ ለእያንዳንዱ ወዳጅ የተለየ ምክንያት ይነገራል፤ ለአንዱ ሕመም፣ ለሌላው ለቅሶ፣ ለሦስተኛው የልጅ ትምህርት። ወዳጆቹ እርስ በርስ ስለማይነጋገሩ ማንም ድምሩን አያውቅም። ከዚያ በከፍተኛ ወለድ የሚያበድሩ ሰዎች ይመጣሉ፤ ከዚህ ወዲያ ዕዳው ሰውየው ባይወራረድም እንኳ በራሱ ያድጋል። የቤት ዕቃ ይሸጣል። በመጨረሻ የሌላ ሰው ገንዘብ ይነካል፤ በእጁ የተቀመጠ አደራ፣ የማኅበር መዋጮ፣ የመሥሪያ ቤት ካዝና። ወደዚህ የደረሰው ሰው ሌባ ሆኖ አልተነሣም፤ ወንድሜ ያን መዋጮ ሲነካ በሳምንቱ መጨረሻ እንደሚመልሰው በማስታወሻ ደብተሩ ጽፎ ነበር፤ ጽሑፉን በዓይኔ አይቻለሁ።

ከገንዘቡ ውጭ ያለውን ጉዳት በቁጥር ልጽፈው አልችልም። ልጁ አባቱ ስልክ ሲነካ ማየት የሚፈራ ልጅ ሆነ። ባለቤቱ ደግሞ አንድ ሌሊት ደውላልኝ፣ "እኔ ብሞት ለእናንተ ይሻላችኋል" ብሎ እንደተናገረ ነገረችኝ። የቁማር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ራሳቸውን ለማጥፋት የተጋለጡ መሆናቸውን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ ዕዳው ይፋ ሊወጣ የተቃረበበት ጊዜም አደገኛ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ቃል የሰማ ሰው በቁጣ ወይም በምክር እንዳያልፈው እለምናለሁ። በግልጽ ይጠይቀው፤ ብቻውን አይተወው፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ያድርሰው። እኛ እንዲሁ አደረግን፤ ወንድሜ ስለ ቁማሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይዋሽ የተናገረው ከሐኪሙ ፊት ነው።

አራተኛውን ዕዳ አልከፈልንም። ይህን ውሳኔ በቀላሉ እንደ ደረስንበት አድርጌ ባቀርብ ውሸት ይሆንብኛል። እናታችን ለሦስት ሳምንት አላነጋገሩኝም፤ ከዘመዶቻችን አንዳንዶቹ ድንጋይ ልብ አሉኝ። ለሁሉም የሰጠሁት መልስ አንድ ነበር፤ ለልጁ ትምህርት፣ ለቤቱ ኪራይ፣ ለሐኪሙ የምንሰጠው አይቋረጥም፤ የምንከፍለው ግን በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ፣ ለአከራዩና ለሐኪሙ እንጂ በወንድሜ እጅ አይደለም። ዕዳው የእሱ ነው፤ እሱ ይከፍለዋል። ደመወዙ ባለቤቱ በምታዘው ሒሳብ እንዲገባ በራሱ ፊርማ አዛወረው፤ የሚወራረድባቸው ድርጅቶች እንዳያስገቡት በራሱ ጥያቄ ራሱን አሳገደ፤ ከስልኩም አጠፋቸው። ከዚያ እኔና እሱ አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠን የአበዳሪዎቹን ስም፣ መጠኑንና የተበደረበትን ቀን ጻፍን። አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። እያንዳንዳቸው ዘንድ አብረን ሄደን እውነቱን ነገርናቸው፤ በየወሩ ሊከፍል በሚችለው ትንሽ መጠንና በእያንዳንዳቸው ተራ ላይ ተስማማን። ከተቆጡት ይልቅ የተስማሙት በዙ። እ.ኤ.አ. በ1957 በሎስ አንጀለስ የተመሠረተው፣ ቁማር ለማቆም የሚታገሉ ሰዎች ማንነታቸውን ሳይገልጹ የሚረዳዱበት ማኅበር አባላቱን ከዚህ ጋር በሚመሳሰል መንገድ እንደሚያግዝ በኋላ ተረዳሁ፤ ዕዳው በዝርዝር ይወጣል፣ ከራስ ገቢ ቀስ እያለ ይከፈላል። ከዚህ ጎን የሚሰጠው፣ የተሳሳተውን አስተሳሰብ ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር እየተነጋገሩ የማረም ሕክምና፣ ለወንድሜ ብዙ ረድቶታል።

ሸክሙ ሁሉ በቤተሰብ ላይ እንዲወድቅም አልፈልግም። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2007 የቁማር ማሽኖችን ከየቦታው አስነሥታለች፤ ጣሊያን በ2018 የቁማር ማስታወቂያን በሕግ ከልክላለች፤ ብሪታንያም በ2020 በክሬዲት ካርድ መወራረድን አግዳለች፤ ሰው በሌለው ገንዘብ እንዳይወራረድ ማለት ነው። የትኛው ይበልጥ እንደሚሠራ ባለሙያዎቹ ይከራከሩበት። ከእናንተ የምጠይቀው ግን በእናንተ እጅ ያለውን ነው። ስለ አንድ አሸናፊ ስትጽፉ የቲኬቱን ዕድል ከስንት አንድ እንደሆነ ከጎኑ ጻፉ። ከአሸናፊው ጋር ባደረጋችሁት ልክ ሙሉ ገጽ ሰጥታችሁ ከአንድ ተወራራጅ ሚስት ጋር ተነጋገሩ። የውርርድ ማስታወቂያ በምታወጡበት ገጽ ላይ ስለ ሕመሙ ምልክቶችና ሕክምናው የት እንደሚገኝ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ አስቀምጡ።

ስሜ እንዳይወጣ እለምናችኋለሁ። ከአበዳሪዎቹ መካከል ሌሎች እንዳያውቁባቸው የሚፈልጉ አሉ፤ ልጁም ትምህርት ቤት ይሄዳል። ከአሥራ አንዱ አራቱ ተከፍለው ተሰርዘዋል፤ ሰባቱ ይቀራሉ።

ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለወንድሜ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰምቶ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አስቆመኝ፤ ስለ መጀመሪያው ጊዜ "ዕዳውን በሙሉ ከፈልንለት" ያልኩበት ላይ። "በሙሉ አይደለም፤ ያን ጊዜም አንዱን ደብቄያችሁ ነበር" አለኝ። ዓረፍተ ነገሩን እኛ ያን ቀን እንዳመንነው ትቼዋለሁ። የተደበቀው አበዳሪ አሁን ከዝርዝሩ አምስተኛው ነው፤ የሚቀጥለው ወር ክፍያ የእሱ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ